የስምንት ሺህ ዓመቱ ጭቃ

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

አቶ ሽባባው መጀመሪያ ዝናብ መሰላቸው። ቀና አሉ፤ የቡታጅራ ሰማይ ጥርት ብሏል። ቧንቧው ይሆናል ብለው ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ቧንቧው እንደ ልማዱ ደርቋል። ጆሯቸውን አዘንብለው ቆሙ። ድምፁ የሚመጣው ከላቦራቶሪው ውስጥ ነው።

በሩን ከፈቱ።

ትልቁ ፍሪጅ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከመደርደሪያው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ወለሉ ላይ ዳክዬ የምትዋኝበት ኩሬ ተሠርቷል። የውሃ ጠርሙሶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ከታች፣ ረጅሙ ነጭ ቱቦ ይተኛበት የነበረው ቦታ ግን ባዶ ነው።

ሰውየው በዘቢዳር የሐይቅ ጥናት ማዕከል ዘጠኝ ዓመት በጥበቃ ሠርተዋል። በዘጠኝ ዓመት የጠፋው ንብረት አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው፤ እሱም የራሳቸው ነበር። አሁን ሌላ ሰው ቢሆን የማያደርገውን አደረጉ። ማንንም ሳያማክሩ በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ተሰርቀናል» አሉ።

ዋና ሳጅን ዛህራ ቅጹን አወጣች።

«የጠፋው ንብረት?»

«ጭቃ ነው፣ ሳጅን።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ምን አሉኝ?»

«ጭቃ። ከሐይቅ ሥር የወጣ።»

«ስንት ኩንታል?»

«ኧረ አንድ ቱቦ ነች። ሁለት ክንድ ብትሆን ነው።»

ቅጹ ላይ «አዲስ» እና «አሮጌ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ዛህራ ቅጽ ሳትጨርስ አትተውም፤ ይህንንም ጠየቀች።

አቶ ሽባባው ትንሽ አሰቡ። «ስምንት ሺህ ዓመቷ ነው ይላሉ።»

ዛህራ «አሮጌ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ማዕከሉን የመሠረቱት አንድ የአገር ውስጥና አንድ የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ክብ ሐይቅ ላይ በታንኳ ወጥተው ያንን ቱቦ እስከ ሥሩ አስገብተው ጭቃውን እንዳለ ነቅለውት ነበር። ጭቃው እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ነው። የትኛው ዘመን እንደዘነበ፣ የትኛው እንደደረቀ፣ ደኑ መቼ እንደተቃጠለ ይነበብበታል። አሁን ለሁለት ሊሰነጠቅ ነው፤ ግማሹ እዚህ ሊቀር፣ ግማሹ ፊንላንድ ሊሄድ። ለዚህም ፕሮፌሰር ሄልካ ሐሙስ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። በረራቸው ተለወጠና ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከች አሉ፤ ጭቃው ጠፋ በተባለ በአራት ሰዓት ውስጥ። የሚመለሱት ቅዳሜ ነው።

የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ምንተስኖትም ከወልቂጤ ቢሮው በመኪና እየበረረ ደረሰ። የመስቃን ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከሁሉ በፊት ጥበቃውን ተቆጣ።

«አንተ ነህ ፖሊስ የጠራኸው? ማን ፈቀደልህ?»

አቶ ሽባባው በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ።

ዶክተሩ ወደ ዛህራ ዞረ። «ያለው ሁለት ቁልፍ ነው። አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ እሱ ጋ። እኔ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ወልቂጤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል።»

«እሳቸው ጭቃ ወስደው ምን ያደርጉታል?»

«ይሸጠዋላ።»

«ለማን?»

ዶክተሩ አሰበ። «ለተፎካካሪ።»

«የጭቃ ተፎካካሪ?»

«እንዴ፣ በዓለም ላይ ብዙ ነን» አለ፣ እንደ መቀየም ብሎ።

በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፈ። ጭቃው እስከ ዓርብ ማታ ካልተገኘ አቶ ሽባባው ከሥራ ይሰናበታሉ፤ በግቢው በር ያለችውን የጥበቃ ቤትም ይለቃሉ። ያቺ አንድ ክፍል ቤታቸው ናት። አልጋቸውም፣ ምድጃቸውም፣ ሁለት ዶሮዎቻቸውም እዚያ ናቸው። በቡታጅራ ሌላ የሚገቡበት የላቸውም። ደብዳቤውን አንብበው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ኩሬውን ሊወለውሉ ገቡ።

ዛህራ ፍሪጁን ፈተሸች። ከታችኛው መሳቢያ ስንጥቅ ውስጥ ጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር ተሸጉጣ አገኘች። የኮባ ቅጠል ነበረች። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት።

ቀጥላ ፕሮፌሰሯን ጠየቀች። ረጅም፣ ስልሳ የዘለሉ ሴትዮ ናቸው፤ የሱሪያቸው ጉልበት ላይ ከሌላ ሐይቅ የመጣ ጭቃ አለ። ያስተረጎመው ዶክተር ምንተስኖት ነው።

ዛህራ የሚጠረጥሩት ሰው ካለ እንዲነግሯት ጠየቀች።

ፕሮፌሰሯ በፈጣን እንግሊዝኛ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናገሩ። ፍሪጁን አሳዩ። ሶኬቱን አሳዩ። ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አሳዩ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰበሰቡ፣ በመጨረሻ ፈገግ አሉ።

ዶክተሩ ግንባሩን ጠረገ። «በጣም አዝኛለሁ ይላሉ።»

«ይሄን ሁሉ?»

«ፊንላንዶች ሲያዝኑ እንዲህ ናቸው።»

ዛህራ የሰማችውን ጻፈች። የፈገግታውን ነገር ግን ከጎን በእርሳስ ጻፈችው።

ከተማው ምርመራውን ከእሷ ቀድሞ ጨርሶት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ባጃጅ ነጂው ሁሉ ጭቃው ውስጥ ወርቅ እንዳለ ያውቃል። እኩለ ቀን ላይ ወርቁ ነዳጅ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው የውበት ሳሎን በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ለፊት ጥራት፣ የስምንት ሺህ ዓመት የሐይቅ ጭቃ ገብቷል።»

ዛህራ ደርሳ ስትገባ ሦስት ሴቶች ፊታቸውን በጥቁር ጭቃ ተመርገው በተርታ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የወረዳው ጸሐፊ ነበረች፤ ዛህራን ስታይ ጭቃው ፊቷ ላይ ተሰነጠቀ። የሳሎኑ ባለቤት ዮሲ ፀጉሩን በቀይ ቀለም ያቀላ ልጅ ነው።

«ሙድ ነው እኮ ሳጅንዬ» አለ። «ደንበኛ ሲጠይቅ ምን ልበል?»

የጭቃው ባልዲ ወደ ማዕከሉ ተወሰደ። ፕሮፌሰሯ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ፤ በማጉያ መነጽር አዩ። ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው አንድ የለስላሳ ቆርኪ አወጡ። ዮሲ ጭቃውን ያመጣው ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ቦይ እንደሆነ አመነ። የወረዳው ጸሐፊ ሁለት ቀን ሥራ አልገባችም ይባላል።

ረቡዕ እንዲህ አለፈ። ሐሙስ ጠዋት አቶ ሽባባው ዶሮዎቻቸውን ለጎረቤት ሴት ሲሰጡ ዛህራ አየች። እየቀለዱ ነበር የሚሰጡት፤ እንቁላሉን በየሳምንቱ እየመጡ እንደሚቆጥሩ ይነግሯታል። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

ዛህራ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰች። ከፍሪጁ ጎን ግድግዳው ላይ የሙቀት መዝገብ ተሰቅሏል። በየሁለት ሰዓቱ ዲግሪው ይጻፍበታል፤ ኮፒው በየቀኑ ፊንላንድ ይላካል። ከላይ እስከ ታች አየችው። አራት። አራት። አራት። አራት። ዓርብም አራት፣ ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ሰኞም አራት።

የዩኒፎርም ሱሪዋን ጎንበስ ብላ አየች። እንደተጨማደደ ነው። የምትተኩሰው እሑድ እሑድ ነው፤ ካውያዋ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ከዓርብ እስከ ሰኞ ማታ ደግሞ በዚያ ሰፈር በሙሉ መብራት አልነበረም። የማዕከሉ ጄኔሬተር ከፋሲካ ጀምሮ ተበላሽቶ ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ሆኗል።

መብራት በሌለበት አራት ቀን ሙሉ አራት ዲግሪ።

አቶ ሽባባውን ጠራች። «ጋሽ ሽባባው፣ ይህን የሚሞላው ማን ነው?»

«እኔ ፍሪጅ አልነካም። ዶክተሩ ናቸው።»

ዶክተሩን በስልክ ጠየቀችው። ጥበቃው እንደሚሞላው ነገራት፤ ስልኩንም ቶሎ ዘጋው።

የስንብት ደብዳቤውን አስወጥታ ከመዝገቡ ጎን አስቀመጠችው። የደብዳቤው ቁጥር በእጅ የተጻፈ ነው፤ አርባ አራት። አራቶቹ እንደ ጀልባ ሸራ ጫፋቸው ሹል፣ ሆዳቸው የተነፋ ነው። መዝገቡ ላይ ያሉት አርባ ምናምን አራቶችም በሙሉ ያው ጀልባ ናቸው። አቶ ሽባባው አራት እንዲጽፉላት ጠየቀች። የእሳቸው የተገለበጠ ወንበር ይመስላል።

ወልቂጤ ደወለች። ስልክ ያነሳችው ሴት ጨዋ ነበረች፤ የሰኞው ስብሰባ ለመስቀል ዝግጅት ተብሎ እንደተሰረዘ ነገረቻት።

ዛህራ ኪሷ ውስጥ ያለችውን የኮባ ቁራጭ አወጣች። ቅጠሏ በጠርዟ በኩል በጥንቃቄ ተሸንሽናለች። ዛህራ ያደገችው መስቃን እንሰት ሥር ነው። ኮባ እንዲህ የሚሸነሸነው ለመጠቅለያ ነው። በዚህ አገር ደግሞ አንድ ነገር እንዳይበላሽ ሲፈለግ፣ አየርና ብርሃን እንዳያገኘው ሲፈለግ፣ የሚቀመጥበት የቆጮ ጉድጓድ ፍሪጅ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ።

ዓርብ ጠዋት ባጃጅ ይዛ የዶክተሩ እናት ዘንድ ሄደች።

እማማ አበባ ጓሯቸው ውስጥ ነበሩ። ለበዓሉ የቤቱን ግድግዳ እየለቀለቁ እጃቸው ነጭ ሆኗል። ዛህራ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አያቷ በሕይወት አሉ ወይ፣ ለምን እስካሁን አላገባችም የሚለውን በቅደም ተከተል አጣሩ። ከዚያ አስቀመጧት።

«ልጅዎ በቅርብ መጥቶ ነበር?» አለች ዛህራ።

«ሰኞ መጣ። ማክሰኞ ሳይነጋ መጣ። ረቡዕ መጣ። ትናንትም መጣ። በዓመት ሁለቴ የማይመጣ ልጅ! ሚስቱ አባራው ይሆን ብዬ ሥጋ ሁሉ ቀቀልኩለት።»

«ምን ፈልጎ ነው?»

«አደራውን መልሺ ይለኛል። ሰኞ ዕለት አንድ ረጅም ነገር በኮባ ጠቅልሎ አመጣ። እማዬ፣ ሙቀት እንዳይነካት ከቆጮሽ ጋር ቅበሪልኝ አለኝ። ምንድን ናት ስለው፣ የፈረንጇ አደራ ናት፣ እሷ እስክትመጣ ለማንም እንዳትሰጪ አለኝ። ቀበርኩ። በማግስቱ ስጪኝ ይላል። ማንም ብለሃል፣ ማንም ማለት አንተም ነህ አልኩት።»

«አስቸገረዎት?»

«አለቀሰ። ትልቅ ሰውዬ። ግን የቆጮ ጉድጓድ የሴት ነው፤ ወንድ እጁን አያስገባበትም። አደራ ደግሞ ባለቤቷ ስትመጣ ነው የምትወጣ።»

ዛህራ ሳቋን ዋጠች። ስልኳን አውጥታ ለዶክተሩ ደወለች። ጭቃው እንደተገኘ፣ ፕሮፌሰሯን ይዞ እናቱ ቤት እንዲመጣ ነገረችው። «እሺ» አለ፣ ትምህርት ቤት ረብሾ እንደተጠራ ልጅ።

አቶ ሽባባውን ራሷ በፖሊስ ፒክአፕ አስመጣቻቸው። ቱቦውን የሚያውቅ ምስክር ያስፈልጋል አለች፤ እውነቱ ግን ሲገኝ በዓይናቸው እንዲያዩት ፈልጋ ነው።

ሁሉም ጉድጓዱ ዙሪያ ቆሙ። እማማ አበባ ፕሮፌሰሯን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«አንቺ ነሽ የአደራዋ ባለቤት?»

ዶክተሩ መተርጎም ነበረበት። አራቷን ቃል ለመተርጎም ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ተናገረ፣ ቆመ፣ እንደገና ተናገረ፣ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ፤ ላብ ከአገጩ ላይ ወረደ። ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ ቅንድባቸውን አነሱ። ቀጥሎ ጉድጓዱን አዩ። ቀጥሎ አቶ ሽባባውን አዩ፤ እሳቸውን ሲያዩ ፊታቸው ቀላ።

እማማ አበባ ድንጋዩን አነሱ፤ ቅጠሉን ገለጡ። የቆጮው ሽታ ወጣ። ከነጩ ቆጮ መሀል ነጩ ቱቦ ተጠቅልሎ ወጣ። ፕሮፌሰሯ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ተቀበሉት። ከክዳኑ ውስጥ አዝራር የምታህል የሙቀት መመዝገቢያ አወጡና ከስልካቸው ጋር አገናኙ። ለዛህራም አሳዩአት። መስመሩ ከዓርብ ጀምሮ እንደ ተራራ ይወጣል፤ ፍሪጁ ውስጥ ሃያ ሦስት ዲግሪ ደርሷል። ከሰኞ ወዲህ ግን ወርዶ እንደ ገበታ ለጥ ብሏል፤ ቀንም ማታም አይነቃነቅም። ከላይ ትንሽ ብትነካ ነው እንጂ ጭቃው ደህና ነው አሉ።

ዛህራ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች ጠየቀቻቸው። ማክሰኞ ዕለት በዚያ ሁሉ ንግግር ያሉት ምንድን ነው? ፕሮፌሰሯ ቀስ ብለው መለሱላት። መብራት መጥፋቱን አዲስ አበባ ሆነው እንደሰሙ፣ በእነሱ አገርም ፍሪጅ እንደሚበላሽ፣ ጭቃውን ያሸሸው ሰው ለማዳን ብሎ ከሆነ ምንም እንደማይቀየሙ፣ እንዲያውም እንደሚያመሰግኑ ተናግረው ነበር።

«በጣም አዝኛለሁ ይላሉ» አለች ዛህራ ወደ ዶክተሩ ዞራ።

እሱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። የተተኮሰው ሸሚዙ ላይ ቆጮ ነክቶታል።

«በፊት ከሌሎች ጋር ስንሠራ መብራት ጠፋ ብዬ እውነቱን ጻፍኩ» አለ። «መልሱ፣ እናንተ ማስቀመጥ አትችሉም፣ ሁሉም ወደ እኛ ይምጣ ሆነ። ጠቅልለው ወሰዱት። ጥናቱ ሲታተም ስሜን ፈለግሁ። መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሾፌሩ ቀጥሎ፣ እናመሰግናለን ይላል። እና አሁን ግማሹ እንዲቀርልን ብዬ አራት አራት እያልኩ ጻፍኩ። ፍሪጁ ሲሞቅ፣ ሰኞ ጥበቃው ከግቢው ወጣ ባለበት ሰዓት ቱቦውን አወጣሁት፤ ሐሙስ ከመምጣታቸው በፊት እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ደረሱ። ደግሞ ይሄ ሰውዬ ፖሊስ ጠርቷል። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ልናገር?»

«ጋሽ ሽባባውስ?»

«እሳቸውማ» አለ ዶክተሩ፣ «ፕሮፌሰሯ ቅዳሜ ሲሄዱ ደብዳቤውን እሰርዘው ነበር። ለጥቂት ቀን ነው።»

እናቱ በጉራጊኛ አንድ ነገር አሉት። ዛህራ ገብቷታል፤ የዶክተሩን ቃል ስትጽፍ ግን አላስገባችውም።

ከዚያ እማማ አበባ ጉድጓዱ ከተከፈተ አይቀር ብለው ቆጮ ጋገሩ። አይብና ጎመን ቀረበ። ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሽ ሽባባው» ብሎ ከጎኑ አስቀመጣቸው። ይቅርታ ጠየቃቸው። ደብዳቤውን ተቀብሎ ፊታቸው ቀደደው። ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራቸው እንደሚመለሱ፣ የቤቷ ጣሪያም እንደሚታደስ ነገራቸው። እሳቸው እያኘኩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ወደ ጭቃው ተመለሰ። ፕሮፌሰሯ ስለ ጉድጓዱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል አሉ። የሐይቅ ጭቃን ያለ መብራት ማቆየት፤ ብዙ አገር ይጠቅማል። ዶክተሩ ዓይኑ በራ። የማን ስም ይቅደም በሚለው ላይ ክርክር ተጀመረ። እማማ አበባ ምን እንደሚባባሉ ጠየቁና ሲተረጎምላቸው የመጀመሪያው ስም የጉድጓዱ ባለቤት እንደሆነ አስረግጠው ተናገሩ። ፕሮፌሰሯ በሳቅ ፈነዱ። ዛህራም ቅጿን አውጥታ «የወንጀሉ ዓይነት» የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች፤ የሐሰት መዝገብ ልበል ወይስ ሌላ ስም ልፈልግለት እያለች።

አቶ ሽባባው ተነሱ። እጃቸውን ታጠቡ። እማማ አበባን ጎንበስ ብለው፣ ቤትዎ ይሙላ ብለው መረቁ። ከሳቁ መሀል አልፈው በእንሰቶቹ ሥር ወጡ።

ዛህራ ቅጹን ትታ ተከተለቻቸው። «ጋሽ ሽባባው፣ ቆይ በመኪናው አብረን እንመለሳለን።»

እጃቸውን አነሱላት። እንደ ስንብት ይሁን እንደ እሺታ አልለየችውም። አስፋልቱ ዳር ደርሰው ቆሙ። ወደ ቡታጅራ የምትሄድ ሚኒባስ መጥታ ፍጥነቷን ቀነሰችላቸው፤ አላዩዋትም። ቀጥላ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ እንሴኖ ከተማ የምትሄደው መጣች። እጃቸውን ዘረጉ፣ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ።

እንሴኖ የሚያውቁት ሰው እንዳላቸው ዛህራ ሰምታ አታውቅም። ቤታቸውም ሥራቸውም ያለው ቡታጅራ ነው። ሚኒባሷ ዳገቱን ጨርሳ እስክትሰወር አስፋልቱ ዳር ቆማ አየች።